ከአቀባበሉ ጭብጨባ በኋላ፦ የሮናልዶ ውል መታደስና የደጋፊው ሚዛን

ሱወይዲ፣ ሪያድ፦ ከብዙ አገሮች የመጡ ሠራተኞችና ቤተሰቦች ከነዋሪው ጋር ተቀላቅለው በሚኖሩበት በደቡብ ምዕራብ ሪያድ የሱወይዲ ሰፈር፣ በ2025 አጋማሽ የእግር ኳስ ወሬው ሁለት መልክ ነበረው። የአል ሂላል ደጋፊዎች ክለባቸው በአሜሪካ በተካሄደው የ2025 የክለቦች የዓለም ዋንጫ ማንችስተር ሲቲን 4 ለ 3 በማሸነፉ ኮርተዋል። በውድድሩ ያልተሳተፈው የአል ናስር ደጋፊዎች ደግሞ የተደሰቱት በሌላ ዜና ነበር። የቡድናቸው አምበል ክርስቲያኖ ሮናልዶ እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2025 ውሉን እስከ 2027 አድሷል።

በ2024/25 የውድድር ዘመን አንድም ዋንጫ ያላነሣ ክለብ ደጋፊ በአንድ ፊርማ ይህን ያህል የተደሰተው ለምንድን ነው? መልሱ ከዝናው ይልቅ በሁለት ነገሮች ላይ ይገኛል፤ በሥራ ሥነ ምግባሩና በመቆየቱ።

ሮናልዶ በዲሴምበር 30 ቀን 2022 ለአል ናስር ሲፈርም ዕድሜው 37 ነበር። በጃንዋሪ 3 ቀን 2023 በሪያድ በተደረገለት አቀባበል ስታዲየሙ በቢጫና በሰማያዊ ቢያሸበርቅም፣ ከውጭ የተሰማው አስተያየት ግን ቀዝቃዛ ነበር። ብዙዎች የጡረታ ዘመኑን በከፍተኛ ደመወዝ ሊያሳልፍ የመጣ አድርገው ቆጠሩት።

ቁጥሮቹ የተናገሩት ሌላ ነው። በመጀመሪያው ግማሽ የውድድር ዘመን 14፣ በ2023/24 ደግሞ 35 የሊግ ግቦችን አስቆጠረ፤ የኋለኛው የሳዑዲ ሊግ የአንድ ዘመን ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቧል። በ2024/25ም በ25 ግቦች ዳግም ኮከብ ግብ አስቆጣሪ ሆኗል። በ2023 የዐረብ ክለቦች ሻምፒዮና ፍጻሜ አል ሂላል 2 ለ 1 ሲሸነፍ ሁለቱንም ግቦች ያስቆጠረው እሱ ነበር። በጁን 2025 ከፖርቱጋል ጋር የኔሽንስ ሊግን ዋንጫ ማንሣቱም፣ በሳዑዲ መጫወት ብቃቱን እንዳላወረደው ማሳያ ተደርጎ ይወሰዳል።

የደጋፊው ደስታ ይበልጥ የሚገባው ግን የሌሎቹ ከዋክብት ጉዞ ሲታወስ ነው። በ2023 የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ የአራት ታላላቅ ክለቦችን 75 በመቶ ድርሻ ከያዘ በኋላ በርካታ ታዋቂ ተጫዋቾች ወደ አገሪቱ ጎርፈዋል። እንግሊዛዊው ጆርዳን ሄንደርሰን በጁላይ 2023 አል ኢቲፋቅን ቢቀላቀልም ግማሽ ዓመት ሳይሞላው ወደ አያክስ ሄዷል። ኔይማርም ከአል ሂላል ጋር የተለያየው በከባድ የጉልበት ጉዳት ምክንያት ሰባት ጨዋታዎችን ብቻ አድርጎ ነው። ጉዳት የተጫዋች ጥፋት አይደለም፤ ሆኖም ደጋፊው በታላቅ ስምና በረጅም አገልግሎት መካከል ያለውን ርቀት ከዚህ ተረድቷል።

በዚህ ምክንያት ነው ሮናልዶ በሜይ 2025 ከመጨረሻው የሊግ ጨዋታ በኋላ ስንብት የሚመስል መልእክት ሲያስተላልፍ ሥጋት የነገሠው። ለክለቦች የዓለም ዋንጫ ጥያቄ ቀርቦለት እንዳልተቀበለ ተጫዋቹ ራሱ ተናግሯል። የመጀመሪያውን ውል ገንዘብ ሊያስፈርመው ይችላል፤ ቡድኑ ዋንጫ አጥቶ፣ ሌላ በርም ተከፍቶ ሳለ የሚፈረመው ሁለተኛው ውል ግን ዐረቦች «ወፋእ» ወደሚሉት ለቃል የመታመን ባሕርይ ይጠጋል።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ ሌላ ጎንም አለው። አል ናስር ሊጉን በ2018/19 ካሸነፈ በኋላ እስከ 2024/25 ድረስ ዳግም አላሸነፈም። በ2024/25 ሦስተኛ ሆኖ ጨርሷል፤ በእስያ ሻምፒዮንስ ሊግም በግማሽ ፍጻሜው በጃፓኑ ካዋሳኪ ፍሮንታሌ 3 ለ 2 ተረትቷል። አዲሱ ውል ሲጠናቀቅ አምበሉ 42 ዓመት ይሞላዋል። ግብ የማስቆጠር ሸክም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲወድቅ ቡድን አይገነባም የሚሉ ተቺዎች መሠረት የሌለው ነገር አልተናገሩም።

ከክለቡ የሚሰፋ ጥያቄም አለ። የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ የነበሩት ሮቤርቶ ማንቺኒ በ2024 የሳዑዲ ተጫዋቾች በክለቦቻቸው ተጠባባቂ ወንበር ላይ መቀመጣቸውን በይፋ አንሥተው ነበር። ብሔራዊ ቡድኑ በጁን 10 ቀን 2025 ጅዳ ላይ በአውስትራሊያ 2 ለ 1 ተሸንፎ ለ2026 የዓለም ዋንጫ በቀጥታ የማለፍ ዕድሉን አጥቷል። የ2034 የዓለም ዋንጫን ለምታስተናግድ አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በኮከቡ አጠገብ የሚለማመደው ወጣት ሥነ ምግባሩን ወርሶ ሜዳ ካልገባ፣ የኮከቡ ቆይታ ፍሬው ግማሽ ይሆናል።

ከኢትዮጵያ የመጡ አንባቢዎች ይህን መመዘኛ በራሳቸው ታሪክ ያውቁታል። በ1962 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 ስትረታ የመጨረሻውን ግብ ያስቆጠረው መንግሥቱ ወርቁ፣ ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1982ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት መርቷል። ሕዝቡ እስከ ዛሬ በክብር የሚያነሣው ስላስቆጠራቸው ግቦች ብቻ ሳይሆን ያወቀውን ለተተኪዎቹ ስላካፈለም ነው።

የሱወይዲ ቢጫ ለባሾች ደስታ ምክንያት ነበረው፤ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ የሥራ ትጋትን በዓይናቸው አይተዋልና። አዲሱ ውል የሚሸፍናቸው ሁለት የውድድር ዘመናት እንዲመልሱት በፊርማው ጊዜ የተነሣው ጥያቄ ግን ሁለት ነበር፦ ለረጅም ጊዜ የተጠበቀው የሊግ ዋንጫ ይመጣልን? አምበሉ ማሊያውን ሲያወልቅስ የሚለብሰው የሳዑዲ ወጣት ተዘጋጅቶ ይገኝ ይሆን? የመጀመሪያው ለደጋፊው እርካታ ይበቃል፤ ለአገሪቱ እግር ኳስ የሚተርፈው ሁለተኛው ነው።