የማያውቀን ሰው ለምን ይረዳናል?



ባለፈው ወር እዚህ ካኩማ ውስጥ ራሽን በሚታደልበት ቀን ከአንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጋር ተሰልፌ ነበር። እማማ በጆንያው ላይ የታተመውን ጽሑፍ በጣታቸው እየነካኩ "ልጄ፣ ይህን የላከው ሰው እኔን የት አውቆኝ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ከኋላችን የቆመ ወጣት ቀደመኝና "ተርፏቸው ነው እንጂ አውቀውን አይደለም" አለ። ሌላው ደግሞ "ፖለቲካ ነው" አለ። እማማ ሁለቱንም አዳመጡና "የተረፈው ሁሉ ይሰጣል እንዴ?" ብለው ዝም አሉ።

ጥያቄያቸው አብሮኝ ቤት ገባ። በበጎ ፈቃደኛነት ሕፃናትን ስንመዝንና ስንለካ፣ ራሽን ሲቀንስ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሕፃናቱ ክብደትም ሲቀንስ እናያለን። ስለዚህ ሰጪው ለምን እንደሚሰጥና ለምን እንደሚያቆም ማወቅ ለእኛ የጤና ጉዳይ ነው።

ሰጪዎቹ እነማን ናቸው?

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የዓለም የምግብ ፕሮግራም የሚሠራው በፈቃደኝነት በሚሰጥ ገንዘብ ብቻ ነው። ለእርሱ የመክፈል ግዴታ ያለበት አገር የለም። አብዛኛውን የሚሰጡት መንግሥታት ናቸው፤ ከዚያ በተጨማሪ ድርጅቶችና ግለሰቦች ያዋጣሉ። መንግሥታት ሲሰጡ የራሳቸውን ጥቅም እንደሚያሰሉ የታወቀ ነው። በዚህ በኩል "ፖለቲካ ነው" ያለው ወንድማችን አልተሳሳተም። ነገር ግን ከደመወዙ ላይ ቀንሶ በየወሩ የሚልክ መምህር ወይም ጡረተኛ ከእኛ ምን ፖለቲካ ያገኛል?

አንዱ ምክንያት ትዝታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ፣ ቾክታው የተባሉ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ከሌላቸው ላይ 170 ዶላር ያህል አዋጥተው ላኩ። እነርሱ ራሳቸው ከርስታቸው በግድ ተነቅለው፣ በመንገድ ላይ በብርድ፣ በረሃብና በበሽታ ብዙ ወገን ካጡ ገና 20 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። አይሪሾችን አያውቋቸውም፤ ረሃብን ግን ያውቁታል። በ2020 ኮሮና የናቫሆና የሆፒ ሕዝቦችን ሲጎዳ፣ ብዙ አይሪሾች ያንን የቾክታው ውለታ እያነሱ ገንዘብ ላኩ። 173 ዓመት ያልተረሳ ውለታ ማለት ነው።

ሁለተኛው እምነት ነው። ሙስሊሙ ካጠራቀመው ሀብት ከ100 እጅ 2.5 እጁን ዘካ ያወጣል፤ ክርስቲያኑም አሥራትና ምጽዋት ይሰጣል። ሦስተኛው ደግሞ ሰጪው ራሱ የሚያገኘው የልብ እርካታ ነው። ጄምስ አንድሪዮኒ የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁር ይህንን የልብ ሙቀት ብለው ሰይመው በ1990 ጽፈውበታል። አንዳንዶቻችን "እንግዲያው ለራሱ ደስታ ነው የሚሰጠው" ብለን እንከፋለን። እኔ ግን አልከፋም። እኛስ ለጎረቤት ወጥ አካፍለን ስንመለስ ደስ ይለን የለም?

አንድ ፊትና ብዙ ቁጥር

ነገር ግን ይህ ሁሉ ደግነት አንድ ድካም አለበት፤ የማያየውን አያስብም። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል እንደሚባለው ነው።

በ2007 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህንን አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ በእጃቸው 5 ዶላር ነበራቸው፤ ከዚያ ላይ ለረሃብተኞች እንዲለግሱ ተጠየቁ። ስለ አንዲት የ7 ዓመት የማሊ ልጅ የተነገራቸው በአማካይ 2.38 ዶላር ሰጡ። በአፍሪካ በሚሊዮን ስለሚቆጠሩ ረሃብተኞች አኃዝ ብቻ የተነገራቸው ግን 1.14 ዶላር ሰጡ። ይበልጥ የሚገርመው፣ የልጅቷ ታሪክና አኃዙ አንድ ላይ የተነገራቸው የሰጡት 1.43 ዶላር ብቻ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ሲጨመር ልባቸው ቀዘቀዘ።

የአገራችንም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በ1984 የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ገና ዓመቱ ሳይጋመስ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ለለጋሾች አሳስቦ ነበር፤ የተገኘው መልስ ግን ጥቂት ነበር። ጥቅምት ወር ላይ የናይሮቢው ተወላጅ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሳው ፊልም፣ ከጋዜጠኛው ማይክል ቢዩርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ቴሌቪዥን ቀረበ። ከዚያ በኋላ ዓለም ተነሳ። ቦብ ጌልዶፍ ዘፋኞችን አሰባሰበ፤ በሐምሌ 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ ትልቁ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተካሄደ። ብዙ ነፍስ ተረፈ። ሆኖም ማስጠንቀቂያው ከፊልሙ በፊት ቢሰማ ኖሮ ኮረም ላይ ያ ሁሉ ሰው ባልተቀበረ ነበር።

በሶማሊያም እንዲሁ ሆነ። ድርቅ እንደሚመጣ ከ2010 አጋማሽ በኋላ ጀምሮ ሲነገር ቆይቶ፣ ረሃቡ በይፋ የታወጀው በሐምሌ 2011 ነው። ትልቁ ገንዘብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2013 በወጣ ጥናት መሠረት ወደ 258,000 የሚጠጋ ሰው አልቋል፤ ግማሽ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። በዚያው ወቅት ኬንያውያን በሰሜን ኬንያ ለተራቡ ወገኖቻቸው በኤምፔሳም ጭምር ከ10 ሽልንግ ጀምሮ እያዋጡ ከ500 ሚሊዮን ሽልንግ በላይ ሰብስበዋል። "ተርፏቸው ነው" ለሚለው ወንድማችን ይህ መልስ ይሆነዋል።

በ2025 ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ትሰጥ የነበረችው አሜሪካ እርዳታዋን ስትቆርጥ፣ በካኩማና በዳዳብ ራሽን ከግማሽ በታች ወረደ። የእኛ ረሃብ ግን ከቀድሞው አልቀነሰም ነበር።

ፎቶግራፍና ፈቃድ

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ካሜራ የያዙ እንግዶች ወደ ሕፃናት መመገቢያ ጣቢያ መጥተው እንዳስተረጉምላቸው ተጠየቅሁ። ከተሰለፉት ልጆች መካከል በጣም የከሳውን መረጡ። እናቲቱ ነጠላዋን ወደ ልጁ ጎተት አደረገች፤ ከዚያ እኔን አየችኝና ለቀቀችው። እንግዶቹ ፎቶውን አንስተው ሄዱ። በኋላ "ለምን እሺ አልሽ?" ስላት "ካርዴን እንዳይነጥቁኝ ብዬ" አለችኝ። እምቢ ማለት እንደምትችል አልነገርኳትም ነበር። በዚያች ደቂቃ የእኔ ሥራ ያ ብቻ ነበር፤ አልሠራሁትም።

ስለሆነም ለእናንተ እነግራችኋለሁ። ፎቶ ለመነሳት ወይም ታሪካችሁን ለመናገር እምቢ ብትሉ ራሽናችሁም፣ ሕክምናችሁም፣ ካርዳችሁም አይነካም፤ ሊነካም አይገባም። ፎቶው ለምን እንደሚፈለግና የት እንደሚወጣ የመጠየቅ መብት አላችሁ። እሺ ማለትም መብታችሁ ነው። ፎቶ ክፉ ነገር አይደለም፤ የኮረሙ ፊልም ነፍስ አትርፏል። ክፉው፣ ፊታችን የምግባችን ዋጋ ሲሆን ነው። አስተርጓሚ የሆናችሁ በጎ ፈቃደኞችም ከጥያቄው በፊት "እምቢ ማለት ትችያለሽ" የሚለውን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ከእኛ የሚጠበቀው

"እንግዲያው ፎቶ ካልተነሳን ማን ያስበናል?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሴ በየሳምንቱ በእጃችን የምንይዘው የክንድ መለኪያ ሜትር ነው።

እንደምታውቁት ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሜትሩ ቀይ ያሳያል፤ ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ቁጥር የሩቁን ለጋሽ ልብ ላያሞቀው ይችላል። ነገር ግን መንግሥታትና ድርጅቶች ምግብ ወዴት ይሂድ ብለው ሲወስኑ የሚያዩት ቁጥርን ነው። ባለሙያዎች በአንድ አካባቢ ረሃብ ገብቷል ብለው ለማወጅ በጠቅላላው ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፤ ከ5 ቤተሰብ ቢያንስ 1 ፍጹም የምግብ እጦት፣ ከ100 ሕፃናት ቢያንስ 30 አጣዳፊ የምግብ እጥረት፣ በየቀኑ ከ10,000 ሰው ቢያንስ 2 ሞት። ይህ የሚታወቀው ሕፃናት አንድ በአንድ ሲለኩና ሞት በትክክል ሲመዘገብ ነው። ስለዚህ ልጃችሁን ስታስለኩ ለዓለም እየተናገራችሁ ነው። ያውም ልጁ ለካሜራ እስኪከሳ ሳትጠብቁ።

ይህ የሚሠራው ግን ቁጥሩ እውነት ሲሆን ነው። ራሽን እንዳይቀነስ ብሎ ሞት መደበቅ፣ ለሕክምና የተሰጠውን ፕላምፒ ነት ገበያ ማውጣት፣ ያልተለካውን ተለካ ብሎ መጻፍ በመካከላችን አለ። ችግሩ ያስገድዳል፤ በማንም ላይ አልፈርድም። ሆኖም የተደበቀ ሞት ያልተሰማ ጩኸት ነው። ሞታችን ካልተቆጠረ ራባችንም አይቆጠርም። በጎ ፈቃደኞችም ሜትሩን ሳናጠብቅና ሳናላላ እንለካ፤ ቢጫ ያየንበትን ቤት ቀይ እስኪሆን ሳንጠብቅ እንመለስበት።

በመጨረሻም እኛ ተቀባዮች ብቻ አይደለንም። አዲስ መጤ ቤተሰብ ሲመጣ ከየቤቱ አንድ አንድ ጣሳ ዱቄት የሚዋጣው ማን ተርፎት ነው? ሰው ሲሞት ከዚችው ራሽን ላይ ለለቅሶ ቤት ንፍሮ የሚቀቅለው ማን ነው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ስለዚህ የተላከልንን ስንቀበል አንገታችንን መድፋት የለብንም፤ ዘወትር ይመጣል ብለንም መዘናጋት የለብንም።

እማማን በሚቀጥለው የእደላ ቀን ሳገኛቸው እንዲህ ልመልስላቸው አስቤያለሁ፤ "እማማ፣ እርስዎን አያውቅም። ግን ወይ እርሱ፣ ወይ አያቱ፣ ወይ ያመነው መጽሐፍ ረሃብን ያውቃል። እኛ ደግሞ ሳይረፍድ እንዲያውቀን ልጆቻችንን በትክክል እንለካለት።"