የብጉር ጥቁረት በሳምንት አይጠፋም

"ዶክተር፣ ሠርጌ ደርሷል፤ የብጉሬን ጥቁረት ቶሎ የሚያጠፋ ቅባት ይዘዙልኝ።" ውድ ተከታታዮቼ፣ ጭንቀታችሁ ይገባኛል። ግን በሳምንት ፊት "የሚያጠራ" ቅባት ያስፈራኛል። ከየሱቁ ከምትገዟቸው አንዳንዶቹ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ስቴሮይድ አለባቸው፤ መጀመሪያ ያቀላሉ፣ ሲቆዩ ቆዳ ያሳሳሉ፣ ራሳቸውም ብጉር ያወጣሉ። ጀምራችሁ ከሆነ እንዴት እንደምታቆሙ ሐኪም አማክሩ።

እኔ የምመክረው አሰልቺውን መንገድ ነው። ጠዋት ፊታችሁን በለስላሳ መታጠቢያ ታጠቡ፤ ማለስለሻ ቅባት፣ ከዚያም ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን ተቀቡ። ፀሐይ ጥቁረቱን ታብሰዋለች፤ ሰንስክሪኑን ከዘለላችሁ ሌላው ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው። ዋጋው ከከበዳችሁ ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣም ያግዛሉ። ማታ አዜላይክ አሲድ ወይም አዳፓሊን በስሱ ተቀቡ፤ ለነፍሰ ጡር ግን አዳፓሊን አይሆንም። ብጉር አታፍርጡ፤ ሎሚም አትቀቡ።

ጥቁረቱ ወራት ወስዶ ይደበዝዛል። የጎደጎደ ጠባሳ ግን በቅባት አይሞላም፤ እሱ የቆዳ ሐኪም ሥራ ነው። ለሠርጉ ቀን ሜካፕ አለ፤ ቆዳችሁ ግን ከሠርጉም በኋላ ያስፈልጋችኋል።