መቆለፉንስ ቆለፍነው፤ መክፈቱስ?

“ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ይባል የለ? እኔም ሳይቸግረኝ የቤታችንን ኮምፒውተር ደኅንነት “አጠናክራለሁ” ብዬ ተነሳሁ። ኡቡንቱ ሊኑክስ የተጫነበት፣ ታናሽ ወንድሜ የቤት ሥራ የሚሠራበት፣ እኔ ደግሞ ቃለ መጠይቆቼን የማስቀምጥበት ዴስክቶፕ ነው።

መቼም ጋዜጠኝነት ተምሮ ስለ ምስጢር አለመጨነቅ አይቻልም። በ2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ሲከሰሱ የኮምፒውተር ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ራሱ ክሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። “ምን ያስፈራሻል?” ለሚሉኝም መልሴ አጭር ነው፤ “ስሜ እንዳይጠቀስ” ብለው ያወሩኝ ሰዎች ድምፅ እዚያ ማሽን ላይ አለ።

እናላችሁ፣ ያገኘሁትን መመሪያ ሁሉ በአንድ ምሽት ደረደርኩበት። ፋየርዎሉን አበራሁ (ኡቡንቱ ይዞት ቢመጣም ጠፍቶ ነው የሚመጣው)። የይለፍ ቃል 3 ጊዜ የሳተ ለ10 ደቂቃ እንዲቆለፍበት አደረግኩ። በጊዜያዊ ፋይሎች ማኅደር ውስጥ ፕሮግራም እንዳይነሳ ከለከልኩ። በመጨረሻ ያልተፈቀደ ዩኤስቢ የሚያግደውን ዩኤስቢጋርድ ጫንኩ፤ የራሴን ኪቦርድና ማውስ ግን ከተፈቀዱት ዝርዝር አላስገባሁም። አጥፍቼ ሳበራው ሁለቱም በድን ሆኑ። ዘበኛ ቀጥሮ በገዛ ደጅ መታገድ ማለት ይሄ ነው።

ወንድሜ በማግስቱ የሚያስረክበው ሥራ ነበረውና ጮኸብኝ። ከፍላሽ አስነስቼ ዩኤስቢጋርዱን አስወገድኩ። እዚያ ላይ ባቆም ደግ ነበር። ግን አንድ ፕሮግራም አልጫን ሲለኝ፣ የከለከለው የትኛው እንደሆነ ስላላወቅኩ ሁሉንም ፈታሁ። ፋየርዎሉን አጠፋሁ፣ አውቶማቲክ እድሳቱን አቆምኩ፣ ለማኅደሬም ለማንም ክፍት የሚያደርገውን 777 ፈቃድ ሰጠሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንድሜ በራሱ አካውንት ገብቶ “ይሄ የማን ድምፅ ነው?” አለኝ። ክው አልኩ። ከመጀመሪያው ይልቅ የተጋለጥኩት “ካጠናከርኩ” በኋላ ነው።

አንዳንዶች ቁልፍ በበዛ ቁጥር ደኅንነት ይጨምራል ይላሉ። እኔ አልስማማም። መፍቻውን የማናውቀው ቁልፍ የቸኮልን ቀን በሩን ከነመቃኑ ያስነቅለናል። መፍታቱም እኩል አይደለም። ፋየርዎል በአንድ ትእዛዝ ይጠፋል፣ ደንቦቹ ሳይነኩ በአንድ ትእዛዝ ይመለሳል። የ777 ነገር ግን ሌላ ነው፤ የእያንዳንዱ ፋይል የቀድሞ ፈቃድ ምን እንደነበር የትም አይመዘገብም። ዲስኩን አመስጥሮ የይለፍ ሐረጉን መርሳት ደግሞ ጨርሶ መመለሻ የለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ “ከማን ነው የምጠብቀው?” እንበል። ለአብዛኞቻችን መልሱ ሌባ፣ ያረጀ ሶፍትዌርና አብሮን የሚጠቀም ሰው ነው። ለነዚህ የተመሠጠረ ዲስክ፣ ያልተቋረጠ እድሳት፣ የተለያየ አካውንትና ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚጨምር አንድ በአንድ ይጨምር፤ የሚነካውን ፋይል አስቀድሞ ይቅዳ፣ አጥፍቶ አብርቶ ይሞክር።

አሁን ከኪቦርዱ አጠገብ አንድ ደብተር አለ። በግራው ገጽ የቆለፍኩትን፣ በቀኙ አከፋፈቱን እጽፋለሁ። ቀኙ ባዶ ከሆነ አልቆልፍም።

ቸር ይግጠመን!