የረተም ምድር ባዶ ምድር አይደለም

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ቍጣ ሸሽቶ፥ ከቤርሳቤህ የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገብቶ፥ ሞትን ለምኖ ያንቀላፋበት ተክል በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ክትክታ ተብሎ ተጽፏል። በዕብራይስጡ ግን ቃሉ ሮቴም ነው፤ ዓረቦችም ይህንኑ ተክል እስከ ዛሬ ረተም ይሉታል። ተርጓሚዎቹ አንባቢው የሚያውቀውን ስም መስጠታቸው አያስነቅፍም። ሆኖም ክትክታ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይለየው ተክል ሲሆን፥ ረተም ግን ቅጠል አለው ለማለት እንኳ የሚያስቸግር ቁጥቋጦ ነው። መምህራን ይህን ቢያስረዱ፥ ነቢዩ በዚያች ቀን የተጠለለበት ጥላ ምን ያህል የሳሳ እንደ ነበረ ሰሚው ይረዳዋል።

የረተም ጥቃቅን ቅጠሎች ከዝናብ በኋላ ብቅ ብለው ፈጥነው ይረግፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ተክሉን የሚመግበው አረንጓዴው ቀጭን ቅርንጫፍ ነው። ሥሩም ውሃ ፍለጋ በአሸዋው ውስጥ እጅግ ጠልቆ ይወርዳል። የዚያ አገር ዝናም በሚወርድበት ወራት፥ ከጥር ጀምሮ፥ ደረቅ ይመስል የነበረው ቁጥቋጦ መልካም ሽታ ያለው ነጭ አበባ ይለብሳል። ፍሙም ቶሎ አይበርድም፤ በመዝሙር 119 (በዕብራይስጡ ቍጥር 120) ስለ ሐሰተኛ ምላስ ቅጣት የተነገረው ፍም በዕብራይስጡ የዚሁ የረተም ፍም ነው።

ረተም የሚበቅለው በምድረ በዳ ብቻ አይደለም፤ በአስቀሎናና በአሽዶድ አጠገብ ባለው የባሕር ዳር አሸዋም ይገኛል። ይህን አሸዋ ብዙዎች ጥቅም የሌለው ምድር አድርገው ቈጠሩት። እንግሊዞች ፍልስጥኤምን ባስተዳደሩበት ዘመን አሸዋው እንዳይነዳ ተብሎ ከአውስትራልያ የመጣ ግራር ተተከለበት። ያዛቸውም አሳብ ክፉ አልነበረም። ግራሩ ግን ከተተከለበት ወሰን አልፎ ሄደ፤ ቢቈርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፥ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፥ አሸዋውንም አስሮ በልቅ አሸዋ ላይ መኖር የለመዱትን ተክሎችና አራዊት ያስለቅቃል። ከዚህም ሌላ ከተሞች በአሸዋው ላይ ተሠሩ፤ የዛሬዪቱ አሽዶድ በ1956 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቈረቈረችው በዚሁ ምድር ነው። ዛሬ በኒጻኒም ጥብቅ ስፍራ ግራሩን ለመንቀል ብዙ ይደከማል። የሚያስገርመውም፥ ረተም ራሱ ለጌጥ ተብሎ ወደ አውስትራልያ ተወስዶ በዚያ እንደ አረም ይነቀላል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሹማምንት ሩቅ ታሪክ አይደለም። በአፋር ምድር ለጥላና ለበረሃ መከላከያ ይሆናል ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ በአዋሽ ዳር ያለውን የከብት ግጦሽ ወርሶ፥ አርብቶ አደሩን ከሣሩ ለይቶታል። ያንን ተክል ለማስገባት የወሰነ ሰው በዚያ ስፍራ የነበረውን ቁጥቋጦ እንደ ባዶ ቈጥሮት እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። እንግዲህ በቆላው ምድር ላይ የልማት እቅድ የሚያጸድቅ ሹም፥ ማኅተሙን ከማሳረፉ አስቀድሞ፥ ከብቱን በዚያ የሚያግደውን ሽማግሌ አስጠርቶ የየቁጥቋጦውን ስም፥ የሚያብብበትን ወራትና ማን እንደሚበላው ጠይቆ በመዝገብ ያስጽፍ።