ከብድር በፊት ቅጹ ይሞላ

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ በሚጠራው ሰፈር፣ ቡና ሲጠጣ ወሬው ብዙ ጊዜ ወደ ልጆች ኮሌጅ ያመራል። የት ገባች? ምን ያጠናል? ተብሎ ይጠየቃል። ገንዘቡስ ከየት ተገኘ? የሚለው ጥያቄ ግን በይሉኝታ ይታለፋል። በእኔ እምነት ወጣቶቻችንን ሳያስፈልግ ለዕዳ ከሚዳርጓቸው ነገሮች አንዱ ይህ ዝምታ ነው።

ዝምታው መነሻ አለው። ብዙዎቻችን በምናውቀው የአገር ቤት ሥርዓት ፈተናውን ያለፈ ተማሪ በመንግሥት ይመደባል፤ ምግቡና መኝታውም ይሰናዳለታል። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የወጪ መጋራት እንኳ የሚከፈለው ከምረቃ በኋላ ነው። በአሜሪካ ግን የመግቢያው በርና የገንዘቡ በር ለየብቻ ናቸው። ጎበዝ ልጅ የመጀመሪያውን በራሱ ይከፍታል፤ ሁለተኛው ያለ ወላጅ እጅ አይከፈትም።

በካሊፎርኒያ ከሁለተኛው በር በስተጀርባ ያለው ቀላል አይደለም። የፌዴራሉ ፔል ግራንት በ2024–25 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር ይሰጥ ነበር። የክፍለ ግዛቱ ካል ግራንት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ ብቁ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያን ይሸፍናል። በሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጆች ደግሞ ለአንድ ዩኒት የሚጠየቀው 46 ዶላር፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የክፍለ ግዛቱ ነዋሪዎች ይነሣል። እነዚህ ብድሮች አይደሉም፤ አይመለሱም።

የሁሉም መግቢያ ፋፍሳ የተባለው ነፃ ቅጽ ነው። ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። በጊዜያዊ ከለላ ያሉ ወይም የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ተማሪዎች ለፌዴራሉ ድጋፍ ብቁ ባይሆኑም፣ በካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች የተማሩበት ዘመን የሕጉን መስፈርት ካሟላ የክፍለ ግዛቱን የድሪም አክት ማመልከቻ መሙላት ይችላሉ። ስለ ስደት ጉዳዩ የሚሠጋ ቤተሰብ አስቀድሞ የሕግ ባለሙያ ማማከሩ ብልህነት ነው።

በ2021 የወጣ የካሊፎርኒያ ሕግ የትምህርት ወረዳዎች የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው ከሁለቱ ቅጾች አንዱን መሙላታቸውን እንዲያረጋግጡ ያዛል። ታዲያ ትምህርት ቤቱ እያለ እኛ ምን እናድርግ? የሚል አይጠፋም። መልሱ ግልጽ ነው። በፋፍሳ ላይ ወላጅ የራሱን መለያ ከፍቶ፣ የግብር መረጃው ከግብር ቢሮ እንዲወሰድ መፍቀድ አለበት። ይህን ፈቃድ ካልሰጠ ልጁ የፌዴራል ድጋፍ አያገኝም። አማካሪ መምህር ይህን በወላጅ ፈንታ ሊያደርግ አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ያመነታል። «ቤት ስላለን አይሰጡንም» የሚሉ አሉ፤ የሚኖሩበት ቤት ግን በፋፍሳ ስሌት አይገባም። «ዘንድሮ ሥራ ቀዝቅዟል፤ ቅጹ የሚያየው ግን የቀድሞውን ገቢ ነው» የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው፣ የሚታየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው ነው። ይሁን እንጂ ገቢው የቀነሰበት ቤተሰብ ማስረጃ ይዞ የኮሌጁን የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ጉዳዩን እንደገና እንዲያይለት መጠየቅ ይችላል። ገቢን መግለጽ ድህነትን መመስከር አይደለም፤ ግብር ከፋይ ለልጁ የተመደበውን መጠየቁ ነው።

የካል ግራንት ዋናው ቀነ ገደብ በተለምዶ ማርች 2 ነው፤ ለሁለት ዓመት ኮሌጅ ተማሪዎች እስከ ሴፕቴምበር 2 ሁለተኛ ዕድል አለ። የየዓመቱን ቀን ማረጋገጥ፣ ትምህርት ቤቱም የልጁን አማካይ ውጤት መላኩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። እድሮቻችን፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶቻችን ከበልግ እስከ ማርች በወር አንድ ቅዳሜ ለዚህ ቅጽ ይስጡ። አምና የሞሉ ተማሪዎች የዘንድሮዎቹን ይርዱ፤ አማርኛ ብቻ የሚያነቡ ወላጆች አጠገብም ይቀመጡ። ለሐዘን ድንኳን ለመትከል በአንድ ቀን የሚሰባሰብ ሕዝብ ለልጆቹ ትምህርት አንድ ከሰዓት አያንሰውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።