«ኡስታዝ» ያለው ማን ነው?



ሰሞኑን በየቴሌግራም ቻናሉ የሚለቀቁትን የፕሮግራም ፖስተሮች ልብ ብላችሁ እዩ። አምስት ተናጋሪ ካለ አምስቱም ኡስታዝ ናቸው። አንዱ ነሺዳ ያወጣል፣ አንዱ የበጎ አድራጎት ጀመዓ ያስተባብራል፣ ሌላው በቲክቶክ የአንድ ደቂቃ ምክር ይለቃል። ሁሉም የኸይር ሥራ ነው፣ አላህ ይቀበላቸው። ከሰዎቹ ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን ከስማቸው በፊት ከተለጠፈችው ቃልና ከለጣፊዎቿ ጋር ነው።

«ምን ችግር አለው፣ አክብሮት አይደል?» የሚል ወንድም አይጠፋም። እንግዲያው አንድ ምሽት ላይቭ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥ። ባለትዳር ወጣት ተናዶ ሚስቱን «ፈትቼሻለሁ» ይላል፤ ቁጣው ሲበርድ ይደነግጥና ኮሜንት ላይ «ኡስታዝ፣ ሦስቴ ብያለሁ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ይጽፋል። መልሱ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በትክክል ምን ብለህ ነው የተናገርከው፣ ምን አስበህ ነበር፣ ከዚህ በፊት ፈተህ ታውቃለህ፣ እሷ ሐይድ ላይ ነበረች ወይ የሚል ጠያቂ የለም። አንድ ቃል ይመጣል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ኮሜንት። በዚያች ቃል ሐላል ትዳር ይፈርሳል፣ ወይም የፈረሰ ትዳር በሐራም ይቀጥላል። ልጆችም አሉበት። ወጣቱ ሰውየውን አያውቀውም፤ የት እንደቀራ፣ ማን እንዳስቀራው ሰምቶ አያውቅም። ያመነው «ኡስታዝ» የምትለዋን ቃል ነው።

ቃሏ ራሷ ብዙ አገር ዞራለች። ከፋርስኛ ወደ ዐረብኛ የገባች ስትሆን የሙያ ባለቤትን፣ አስተማሪን ትጠራለች። ግብፅ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማለት ናት፤ ከግቢ ውጭ ግን ሱፍ የለበሰ የቢሮ ሰው ሁሉ ኡስታዝ ይባላል። «ሸይኽ»ም በመሠረቱ ሽማግሌ ማለት ነው። ሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ ወንድማማቾቹ አባታቸው የዕቁብን (ዐ.ሰ) የገለጹት በዚሁ ቃል ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ከገዢ ቤተሰብ የተወለደ ሕፃን ገና በዳይፐሩ ሸይኽ ነው። ማንም ግን ስለ ውዱእ አይጠይቀውም!

የእኛ አገር ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ «ኡስታዝ» የተባለ ሰው በዲን ጉዳይ ይጠየቃል፣ መልሱም ይሠራበታል። ስለዚህ ቃሉ የምስክር ወረቀት ሆኗል ማለት ነው፤ ፈራሚው ግን አይታወቅም። «ሐጂ»ን ተመልከቱ፤ ቢያንስ መካ ደርሶ መመለስን ይጠይቃል (የታክሲ ረዳት ፂም ያላቸውን አባት ሁሉ «ሐጂ፣ ጠጋ ይበሉ» ቢል ማንንም አይጎዳም)። «ቃዲ»ም ሹመት አለው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁ ናቸው፤ ማንም ተነስቶ ፖስተር ላይ ቃዲ እከሌ ብሎ ቢጽፍ ይሳቅበታል። ለኡስታዝነት ግን ማይክ መያዝ በቂ ሆኗል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ወሎ ውስጥ ዳናን፣ ሾንኬን የመሳሰሉ የዒልም መንደሮች ደረሳ እንዴት ይቀራ እንደነበር አባቶቻችንን ጠይቁ። ከቤቱ ርቆ፣ ባገኘው እያደረ፣ በፊቅህ ከሰፊና ተነስቶ እስከ ሚንሃጅ፣ በነሕው ከአጅሩሚያ ጀምሮ እስከ አልፊያ ይወጣል። አልፊያ ብቻዋን አንድ ሺህ ያህል ስንኝ ናት። አንዱን ኪታብ አንድ ሸይኽ ዘንድ ጨርሶ ለሌላው ኪታብ ሌላ ሸይኽ ፍለጋ ወንዝ ይሻገራል። ዓመታት ያልፋሉ። በመጨረሻ «አሁን አንተም አስቀራ» የሚለው ያስቀራው ሸይኽ ነው። ስሙን ያከበደለት ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው እንጂ ከእሱ በታች የሚያውቅ ተከታይ አልነበረም። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል፤ ፈታኙ ያልተማረው ሆኗል።

ሰለፎች ለስም እንዴት ይጠነቀቁ እንደነበር እንይ። የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ቀድሞ ስማቸው «በራ» ነበር፤ በጎ አድራጊ ማለት ነው። ራስን ማጥራት አለበት ስለተባለ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘይነብ ብለው ለወጡላቸው። ይህ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ወላጅ ለሕፃን ያወጣው ስም እንኳ ከተለወጠ፣ አዋቂ ሰው በገዛ ፕሮፋይሉ ላይ ለራሱ የጻፈው «ኡስታዝ» ምን ሊባል ነው? ኢማሙ ማሊክ ደግሞ ሰባ ሰዎች ብቁ መሆናቸውን ሳይመሰክሩላቸው ፈትዋ እንዳልሰጡ ተዘግቧል። አርባ ስምንት ጥያቄ ቀርቦላቸው ለሠላሳ ሁለቱ «አላውቅም» ማለታቸውም እንዲሁ። እስቲ በላይቭ «አላውቅም» ሲባል የሰማ እጁን ያውጣ።

በሌላ በኩል፣ ፀጉራቸው በማስቀራት የሸበተ ዑለማዎችን «እከሌ እንዲህ ቀባጠረ» እያሉ በባዶ ስም የሚጠሩ ልጆች ተነስተዋል። ይህን ጽሑፍ የእነሱ ድጋፍ አድርጎ የሚያነብ ካለ ተሳስቷል። ሸይኽ ለሆነ ሰው ሸይኽ ማለት አደብ ነው፤ ሐቁም ነው። ሐቁን የምንጠብቅለት ቃሉን ለማንም ባለመበተን ነው።

ቃሉ በትክክል የሚገባቸው ደግሞ ፖስተር ላይ የሉም። ከዐስር እስከ መግሪብ የሰፈር መድረሳ ውስጥ ልጆቻችንን አሊፍ ባ ታ የሚያስቆጥረው፣ ደሞዙ በወላጆች መዋጮ የሚመጣው (ሲመጣ) ሰው ኡስታዝ ነው፤ በቃሉ ጥንታዊ ትርጉምም፣ በእኛም። በቤቷ ሠላሳ ሴቶችን ሰብስባ ተጅዊድ የምታስተምረውስ? ፖስተር ላይ ብትወጣ እንኳ «እህት እከሊት» ተብላ፣ ከጎኗ ያለው ነሺዳ ባይ ኡስታዝ ሆኖ ነው። ይህን ያያችሁት አይመስለንም፤ ወይም አይታችሁ አልደነቃችሁም።

ፖስተር የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ የምንጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ማዕረጉን አውጡና በቦታው አንድ መስመር ጻፉ፤ የት ቀራ፣ ማን ዘንድ፣ ምን ያስተምራል። ቦታው ይበቃል። ተጋባዡ ይቀየመናል ካላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ መልሱ ራሱ ብዙ ይነግራችኋል። ለጠያቂውም ወንድማችን፦ የጦላቅ ጉዳይ ከሆነ ስልክህን አስቀምጥና ከባለቤትህ ጋር ሆነህ ነገ በሥራ ሰዓት ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሂድ። ቃዲው መልስ ከመስጠቱ በፊት ብዙ ይጠይቅሃል።

ወሏሁ አዕለም።