ሰውን ሳይሆን ክፍሉን እንቍጠር

ማንኛውም ነጋዴ በመጋዘኑ ያለውን ዕቃ በየጊዜው እንደሚያስቈጥር የታወቀ ነው። ቡናውን በኩንታል፥ ጨርቁን በጣቃ፥ ሳሙናውን በካርቶን ቈጥሮ በመዝገብ ያሰፍራል። ነገር ግን በየወሩ ኪራይ በሚከፍልበት ጽሕፈት ቤት ውስጥ በየሰዓቱ ስንት ሰው እንደሚሠራ ቢጠየቅ፥ ከግምት በቀር መልስ የሚያገኘው ጥቂቱ ነው። ይህን አስተያየት ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ጕዳይ ነው።

በጸሐፊነት የማገለግልበት የንግድ ቤት ባለፈው ዓመት የኪራይ ውሉን ለማደስ ሲዘጋጅ፥ ሠራተኛው ቦታ ጠበበን ስላለ፥ አሠሪዬ አንድ ተጨማሪ ፎቅ ለመከራየት አስበው ነበር። የማመልከቻውን ደብዳቤ እንዳዘጋጅም ታዘዝሁ። ደብዳቤው ወጪ ከመሆኑ በፊት ግን ኮምፒዩተሮቻችንን የሚጠግንልን ወጣት አንድ ሐሳብ አቀረበ። ይኸውም፥ ቦታው ጠቦ እንደ ሆነና እንዳልሆነ የሚያስረዳው ማስረጃ በየኮርኒሱ በተሰቀሉት የዋይፋይ መሣሪያዎች ዘንድ ይገኛል የሚል ነበር።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ስልክም ሆነ ኮምፒዩተር ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ በራሱ መለያ ቍጥር ይታወቃል። መሣሪያው በየትኛው ሰዓት ስንት ስልክና ኮምፒዩተር እንደ ተገናኘው ለማሳየት ይችላል። በየፎቁ የተለያየ መሣሪያ ካለ ደግሞ የትኛው ክፍል እንደ ሞላና የትኛው ባዶ እንደ ዋለ ይታወቃል። ስለዚህ አዲስ ዕቃ መግዛት ሳያስፈልግ፥ ያለውን መዝገብ በየሰዓቱ እያወጡ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል።

እኛም ለአንድ ወር እንዲሁ አደረግን። ክፍሉ በእርግጥ የሚጨናነቀው ሰኞና ማክሰኞ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ከሰዓት በኋላ ግን ሽያጭ ሠራተኞች ወደ ገበያ፥ አስፈጻሚዎችም ወደ ጕምሩክና ወደ ባንክ ስለሚሄዱ፥ ከወንበሩ እኩሌታው ባዶውን ይውላል። የስብሰባ ቀን ተለወጠ፤ አሮጌ ፋይሎች ወደ መጋዘን ተዛወሩ፤ ፎቁም ሳይከራይ ቀረ።

ይሁን እንጂ፥ ጠርጥር ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር እንደ ተባለ፥ ቍጥሩን እንደ ወረደ መቀበል አይገባም። አንድ ሰው ስልክና ኮምፒዩተር ቢይዝ ሁለት ሆኖ ይቈጠራል። ማተሚያውና የጥበቃ ካሜራው ሌሊቱንም ስለማይወጡ እንደ ሰው ይታያሉ። በራሱ የሞባይል ዳታ የሚጠቀም እንግዳ ከነጭራሹ አይታይም። የታችኛው ፎቅ ስልክ ከላይኛው ፎቅ መሣሪያ ጋር የሚገናኝበትም ጊዜ አለ። መብራት ከጠፋ ደግሞ መዝገቡ ይቋረጣል። መድኀኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ለአንድ ሳምንት ሰውን በዓይን ቈጥሮ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር፥ ሌሊት የሚቀረውንም ቍጥር መቀነስ ነው። በመንገድ የሚያልፈውን ስልክ ለመቍጠር መሞከር ግን ከንቱ ድካም ነው። ዘመናዊ ስልኮች ዋይፋይ ሲፈልጉ መለያ ቍጥራቸውን ስለሚለዋውጡ፥ አንዱ መንገደኛ ብዙ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጕዳይ ግን ሌላ ነው። ቍጥሩ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት፥ ከክፍል ኀላፊዎቻችን አንዱ፥ እገሌ በስንት ሰዓት ገባ፥ እገሊት ለምን ያህል ጊዜ ከወንበሯ ተለየች የሚለው በስም ተዘርዝሮ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ዝርዝሩን የማዘጋጅ እኔ ስለ ነበርሁ፥ የማይገባ መሆኑን በትሕትና አስረዳሁ። ሠራተኛው የተነገረው ክፍሉ እንደሚቈጠር እንጂ እርሱ እንደሚከተሉት አይደለም። በሌላ ምክንያት የተሰበሰበውን መረጃ ለቅጣት ማዋል እምነት ማጕደል ነው። ደግሞም ነገሩ የተሰማ ቀን ሁሉም ስልኩን ከዋይፋይ ስለሚያቋርጥ፥ የጀመርነው ቈጠራ በዚያው ይበላሻል። አሠሪዬም ይህን ሰምተው ስም ያለበት ዝርዝር እንዳይወጣ አዘዙ።

ባለ ሥራ ሠራተኛው መግባቱንና መውጣቱን የማወቅ መብት የለውምን የሚል ይኖራል። መብት አለው፤ ለዚህም ሠራተኛው ዐውቆ የሚፈርምበት መዝገብ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጕዳይ ሆኗል።

በሌላ አገር የተደረገውን ብንመለከት፥ የሎንዶን ከተማ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 መጨረሻ ገደማ፥ በ54 የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች የነበረውን ዋይፋይ በመጠቀም የተሳፋሪውን እንቅስቃሴ ለ4 ሳምንት አጥንቶ ነበር። 5.6 ሚሊዮን ያህል መሣሪያዎች ተመዘገቡ። ይሁን እንጂ በየጣቢያው ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ መቈጠር ያልፈለገ ሰው ዋይፋዩን እንዲያጠፋ ተነግሮታል፤ የመሣሪያዎቹም መለያ ቍጥር ማንነትን እንዳይገልጥ ተለውጦ ነበር። ያን ያህል ሕዝብ የሚያጓጕዝ መሥሪያ ቤት ይህን ካደረገ፥ ሃያና ሠላሳ ሠራተኛ ላለን ለእኛ የሚያዳግት አይሆንም።

ስለዚህ ይህን ለመሞከር የሚያስብ ነጋዴ ሦስት ነገር እንዲያስብ እለምናለሁ። አንደኛ፥ ለሠራተኛው አስቀድሞ በጽሑፍ ያስታውቅ። ሁለተኛ፥ የሰዓቱን ድምር ብቻ ይያዝ፤ የየመሣሪያውን ቍጥር አያስቀምጥ። ሦስተኛ፥ ውሳኔው ሲያልቅ መዝገቡን ያጥፋ። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ባለ ሱቅ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ዓይኑና እርሳሱ ይበቁታል።

የንግድ ምክር ቤታችንም ስለዚህ ጕዳይ ለአባላቱ አጭር መመሪያ ቢያዘጋጅ ታላቅ ጥቅም ይሆናል። ለባዶ ወንበር ኪራይ መክፈል ኪሳራ ነው፤ የሠራተኛን እምነት ማጣት ግን ከኪራዩ ይልቅ የሚከብድ ዕዳ ነው።